«ወጣለት» ያለችኝ ቀን

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ጎረቤቶቼ «እንግዲህ አረፍሽ!» እያሉ ሊጠይቁኝ መጡ። «ኧረ ወዲያ! አረፈች የሚባለው ለሞተች ነው» አልኋቸውና ሳቅን። እነሱ ቀልድ መስሏቸዋል፤ ግማሹ ግን እውነቴን ነበር። ሠላሳ ምናምን ዓመት ነርስ ሆኜ ስሠራ ከመርፌም ከደምም ይልቅ ያስፈራኝ ቃል ነው። አንድ ቃል ተናጋሪው ዘንድ አንድ ነገር፣ ሰሚው ዘንድ ሌላ ነገር ሲሆን ምን እንደሚያደርስ አይቻለሁ።

ዘሐራ እባላለሁ። የተወለድሁት ጎንደር፣ ከጨርቅ ነጋዴ ቤት ነው። አባቴ ሱቁን እንድይዝለት ይመኝ ነበር። ነርስ ልሆን ነው ስለው «ልጄ፣ ሰው ጨርቅ ሊገዛ ሲመጣ እየሳቀ ነው፤ አንቺ ጋ የሚመጣው ግን እያለቀሰ ነው፤ አስበሽበታል?» አለኝ። ወላሂ አላሰብሁበትም ነበር። አሁን እግሬ አብጦ፣ ወገቤ ተይዞ ሳስበው፣ የሱቁ ወንበር ምን ነበረበት እላለሁ። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ ስለ ጡረታ ወረቀቱ ምልልስም እንደዚያው። ያለፈበት ያውቀዋል።

ሥራ የጀመርሁት ጠዳ፣ ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ተመደብሁ። እናቴ «ልጄን ለውርጭ ሰጧት» ብላ ሦስት ቀን አለቀሰች። ውርጩስ ውርጭ ነው፤ ጠዋት ጠዋት የባልዲው ውኃ ረግቶ ይቆየኝ ነበር። ሰዉ ግን ሸጋ ነው። እዚያ የተማርሁት ትልቁ ነገር፣ ደገኛ ሕመሙን በአፉ እንደማይናገር ነው። አንድ ጊዜ ሆዳቸው እንደ እንጨት የደረቀ ሽማግሌ በቃሬዛ መጡ። «አያ፣ እንዴት አደሩ?» ብላቸው «ተመስገን። አንቺስ? ከብቱስ ደህና?» አሉኝ። እኔ ምን ከብት አለኝ! ሰውየው በዚያው ቀን ሊሞቱ ምንም አልቀራቸውም ነበር፤ ሰላምታውን ግን አላጓደሉም።

ደም የሚያስመልሰው ሰው ሲመጣብን የምናውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ግሉኮስ ሰክቶ መኪና መለመን። መኪናው ደባርቅ ያደርሳል፤ ከደባርቅ ደግሞ ሌላ መኪና ተፈልጎ ጎንደር። ስንቱ እንደ ደረሰ፣ ስንቱ መንገድ ላይ እንደ ቀረ ወሬው ወደ እኛ አይመለስም ነበር። ከመካነ ብርሃን ወደ ኮላ ድባ፣ ከኮላ ድባ በመጨረሻ ወደ ጎንደር ሆስፒታል ተዛወርሁና ካሜራ ቤት ገባሁ።

ካሜራ ቤት የሚሉት ሕመምተኞቻችን ናቸው፤ በወረቀት ስሙ ኢንዶስኮፒ ክፍል ነው። በአፍ ገብቶ በጉሮሮ እስከ ጨጓራ የሚወርድ፣ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ጥቁር ቱቦ አለን። የሚደማው ቁስል በቱቦው ውስጥ ይታያል፣ በዚያው መርፌ ተልኮ ይወጋል፣ ከሆነም ይቆማል። እኔ ጃናሞራ ሳለሁ ግሉኮስ ሰክቼ የሸኘኋቸው ሰዎች የሚደርሱት ለካ እዚህ ኖሯል።

ሥራውን ያስተማሩኝ ዶክተር አድማሱ ናቸው። አጭር፣ ከጋዋናቸው ሥር ሹራብ የማይለያቸው፣ ቁጡ ሰው ነበሩ። ሦስት ልማድ ነበራቸው። ደም የሚያስመልስ ወይም ከታች ጥቁር የሚወጣው ሰው ሲመጣ፣ ከሁሉ በፊት ብርድ ልብሱን ገልጠው የእግሩን ጣቶች ይጨብጣሉ። የግፊት መለኪያው እያለ፣ ወረቀቱ ተጽፎ እያለ፣ እሳቸው እግር ይዘው ይቀመጣሉ። እግሩ ከቀዘቀዘ ሰውነቱ ደም አጥቶ ለልቡና ለአንጎሉ እየቆጠበ ነው ማለት ነው፤ እንዲያ ባለ ሰው ላይ ቱቦ አይልኩም። ደም ይሰጠው፣ ግሉኮስ ይግባለት፣ «እግሩ ይሙቅ» ይላሉ። ሁለተኛው ልማዳቸው፣ ሕመምተኛው የተጸዳዳበትን ፖፖ በዓይናቸው ሳያዩ አይወስኑም። «አፍ ተመስገን ይላል፤ ፖፖ ግን ይሉኝታ አያውቅም» ይሉ ነበር። ከጨጓራ የፈሰሰ ደም በአንጀት አልፎ ሲወጣ እንደ ሬንጅ ጥቁር ይሆናልና፣ ምን ያህል እንደ ፈሰሰ፣ ገና እየፈሰሰ እንደ ሆነ ከዚያ ያነቡት ነበር።

ሦስተኛው መስኮቷ ናት። የክፍላችን መስኮት ወደ ምሥራቅ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ገብታ ቱቦውን የምናጥብበት ገንዳ ላይ ታርፋለች። እግሩ ከሞቀ ወዲያ ደግሞ መዘግየት አይወዱም። «ፀሐይ ወደዚህች መስኮት ሳትመለስ ይታይ» ይላሉ፤ አንድ ሙሉ ቀን እንዳያልፈው ማለታቸው ነው። ወጣቶቹ ሐኪሞች ሲጣደፉ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች»፣ ሲያዘግሙ ደግሞ «ሳይቃጠል በቅጠል» ይሏቸዋል። አንድ ቀን «ዶክተር፣ ሁለቱ ተረቶች አይጣሉም?» ብላቸው፣ «የእኛ ሥራ'ኮ በሁለቱ መካከል ያለችው ቦታ ናት፣ ዘሐራ» አሉኝ። ኋላ መጽሐፉም ይህንኑ መናገር ጀመረ፤ ደም ሳይተካ ተጣድፎ መግባት ትርፍ የለውም፣ ሰውየው ከተረጋጋ በኋላ በአንድ ቀን ውስጥ ማየት ነው ደጉ። እሳቸው ግን ከእግር ጣት ነው ያነበቡት።

በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ የአዘዞ ሾፌር ደም እያስመለሰ መጣ። ዘመዶቹ በሩን ሊሰብሩት ምንም አልቀራቸው። «ምን ትጠብቃላችሁ? ካሜራውን አስገቡለት እንጂ! ሰው እየሞተ እናንተ እግር ታሻላችሁ?» ዶክተር አድማሱ ቀና ብለው አዩአቸውና «ቱቦው ደም የለውም፤ ደም ያለው እናንተ ጋ ነው። ማነው የሚሰጥ?» አሉ። ግማሾቹ ውኃ ልጠጣ ብለው የወጡ አልተመለሱም፤ ታናሽ ወንድሙና አንድ የሥራ ጓደኛው ሰጡ። ከጠዋት እስከ ቀትር ጠበቅን። እግሩ ሲሞቅ ገባን፤ ቁስሉ አለ፣ ከመሐሉ ትንሽ የደም ሥር ብቅ ብላለች፤ ወጓት፤ ቆመች። እኔ የሰውየውን ጭንቅላት ደግፌ «ምራቅዎን አይዋጡ፣ ይልቀቁት፣ በአፍንጫ ይተንፍሱ» እያልሁ ነበር። ያን ቀን ይህን ሥራ ወደድሁት። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ወዲያ እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

ዶክተር አድማሱ ጡረታ ወጥተው ወደ ልጆቻቸው ሲሄዱ ክፍሉን ዶክተር ናሆም ያዘው። ወጣት ነው፣ እጁ ወርቅ ነው፣ ሰው አክባሪ ነው፤ ግን ብቻውን ነው። ሕመምተኛው በዛ፣ ቱቦዎቹ አረጁ። አንዱ ሲበላሽ ለጥገና ይሄድና ይከርማል፤ መብራቱ ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ቱቦውን ከሰው ጉሮሮ ውስጥ ይዘን በጨለማ እንቆማለን። ቱቦውን ማጠብ የእኔ ሥራ ነው፤ ውስጡን በረጅም ብሩሽ፣ ከዚያ ሳሙና፣ ከዚያ ዓይን የሚያቃጥለው መድኃኒት፣ ከዚያ ውኃ። አንዱ ሰው ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ይህ ሁሉ ይደረጋል፤ ማሳጠር የለም። ማታ ቤቴ ስገባ የመድኃኒቱ ሽታ እጄ ላይ ስለሚቀር የልጅ ልጆቼ «አያቴ አትንኪን» ይሉኝ ነበር።

እንግዲህ ወደዚያች ዓርብ ልምጣ። ብዙ ዓመት አልፏታል፤ እኔ ላይ ግን አላለፈችም።

አያ ውበቱ የሚባሉ ገበሬ ከመካነ ብርሃን አካባቢ ሐሙስ ከሰዓት መጡ። ለወገባቸው ሕመም ከሱቅ የተገዛ ክኒን ሲውጡ ከርመው ጨጓራቸው ቆስሏል። ከታች ጥቁር ይወጣቸዋል። ያመጣቻቸው ልጃቸው እንጉዳይ ናት፤ ያኔ ሃያ ምናምን ዓመቷ ነበር፣ ጠይም፣ ፈጣን፣ ሥራ የምትወድ። ደም ተሰጣቸው፤ ዓርብ ጠዋት እግራቸው ሞቀ። በዓርብ ሰልፍ ውስጥ ስማቸውን ራሴ ጻፍሁት። አያ ውበቱ መካነ ብርሃን እንደ ሠራሁ ሲሰሙ ደስ ብሏቸው የማውቃቸውን ሰዎች ሁሉ እየጠሩ ማን እንደ ሞተ፣ ማን እንዳገባ ነገሩኝ።

ዓርብ ግን መጥፎ ቀን ሆነ። ቱቦ የነበረን አንድ ብቻ ነው። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ። መሐል ላይ ደም የምታስመልስ እናት መጣችና ሰልፉ ወደ ኋላ ተገፋ። አሥር ሰዓት ሲሆን የቀሩት አያ ውበቱ ብቻ ነበሩ። ቅዳሜና እሑድ ክፍሉ ዝግ ነው፤ ያኔ ሥርዓቱ እንደዚያ ነበር። ዶክተር ናሆም ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጠም፤ ጓንቱን አውልቆ ግድግዳውን ተደገፈና «ሲስተር ዘሐራ፣ እስቲ ዎርድ ብቅ ብለው ይዩልኝ። ገና እየደሙ ከሆነ አሁኑኑ አስገባቸዋለሁ። ቆሞላቸው ከሆነ ግን ሰኞ በጠዋት፣ እጃችን ሳይዝል እናያቸዋለን» አለኝ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ እየደሙ ነው ወይስ ቆሟል? እሱ ያመነው የእኔን ዓይን ነው።

እግሬ አብጧል። ሶላት አልፎኛል። ከጠዋት ከቀመስሁት ሻይ በቀር አፌ ላይ ምንም አልዞረም። ይህን የምለው ለሰበብ አይደለም፤ የሆነውን ልናገር ብዬ ነው። ዎርዱ በር ላይ እንጉዳይን አገኘኋት፤ የታጠበ ፖፖ ይዛ ከመጸዳጃው እየተመለሰች ነው። ፊቷ ፈክቷል።

«እንጉዳይ፣ አባትሽ እንዴት ናቸው?»

«ተመስገን ሲስተር! ወጣለት! ወጣለት'ኮ!»

«ጎሽ! እሰይ!» አልሁ። ከበሩ ሆኜ አንገቴን ሰገግ አድርጌ አያ ውበቱን አየኋቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው ጋደም ብለዋል። «አያ ውበቱ፣ እንዴት ዋሉ?» አልሁ። እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው «ተመስገን፣ ሸጋ ነኝ። አንቺስ ደክሞሽ ዋለ?» አሉኝ። በቃ። ከበሩ ወደ አልጋው አሥር እርምጃ አይሞላም ነበር። አልሄድሁም፤ እግራቸውን አልያዝሁም። ተመልሼ ለዶክተር ናሆም «ቆሞላቸዋል» አልሁት። እሱም ጻፈው፤ ሰኞ ብሎ ቀጠራቸው።

ቅዳሜ ቀትር ላይ እኔ የእህቴ ልጅ ሠርግ ቤት ነበርሁ። አያ ውበቱ በዚያው ሰዓት ደም አስመለሱ። ተረኛው ሐኪም ሮጠ፣ ደም ተፈለገ፣ ዶክተር ናሆም ተደውሎለት እየበረረ መጣ፤ ሲደርስ ልባቸው ቆሞ ነበር። እኔ ይህን ሳላውቅ ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ በር ላይ ቆምሁና «አያ ውበቱ!» ብዬ ጠራሁ። የሚመልስ ሰው የለም። ደግሜ ጠራሁ። እንጉዳይ ጥቁር ለብሳ ከአግዳሚው ጫፍ ተነሣች፤ ወረቀት ልታስጨርስ የመጣች ናት።

«ሞተኮ፣ ሲስተር» አለችኝ። «ምነው፣ ወጥቶለት አልነበር? ያ ሁሉ ጥቁር ወጥቶለት!»

አስቀመጥኋትና አስወራኋት። ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት አባቷን ጠበል አስጠምቃ ነበር፤ አራት ቀን ቆዩ። እዚያ አብረዋቸው የሰነበቱ አንዲት ሴት «አይዞሽ፣ ጥቁሩ ሲወጣለት ይድናል» ብለው አጽናኗት። ጥቁሩ ማለታቸው ክፉው ነገር፣ የበላው ነገር ነው፤ ምን እንደሚሉት ታውቁታላችሁ። ዓርብ ቀትር ላይ አባቷ ሁለት ጊዜ ፖፖ ሙሉ እንደ ሬንጅ ያለ ጥቁር፣ ከጫፉ ቀላ ያለ፣ ወጣቸው። እሷ ደስ አላት። ነውር እንዳይሆን ብላ ፖፖውን አሽታ አጠበችው። እኔን በር ላይ ስታገኘኝ የምሥራች መንገሯ ነበር።

እኔ ደግሞ የሰማሁት ሌላ ነው። «ወጣለት» ስትለኝ ሕመሙ ወጣለት፣ ተገላገለ ብዬ ሰማሁ። እኔ ብሆን ኖሮ «ወጣበት» ነበር የምለው። ደም ከሰው ሲፈስ «ወጣበት» ነው እንጂ «ወጣለት» ይባላል? ግን እሷ ዘንድ ይባላል። ጃናሞራ ሁለት ዓመት ኖሬ፣ ጎንደር ተወልጄ፣ ጠበል ቤት ከርመው የመጡ ሰዎች ሲናገሩት ስንት ጊዜ ሰምቼ፣ በዚያች ሰዓት አልሰማሁትም። አንዲት «ለ» እና አንዲት «በ» ናቸው። አንድ ሰው በእነሱ መካከል ወደቀ።

ለእንጉዳይ ምንም አልነገርኋትም። «ቀኑ ደርሶ ነው» አልኋት፤ ሰው ሁሉ የሚለውን አልሁ። አሟሟታቸው በተገመገመበት ስብሰባ ላይ ዶክተር ናሆም ተነሥቶ «መድማቱ ቆሟል ብዬ ወሰንሁ፤ ስሕተቱ የእኔ ነው» አለ። ማን እንደ ነገረው አልተናገረም፤ ወደ እኔም አላየም። እኔ መሬት መሬት አየሁ። አፌን ብከፍት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ አልከፈትሁም። እስከ ዛሬ የማፍርበት ነገር ከዓርቡ ይልቅ ያ ስብሰባ ነው።

ከዚያ ወዲያ ክፉ ሰው ሆንሁ፤ ወጣቶቹ ነርሶች እንዲያ ነው የሚሉኝ። «እንዴት ናቸው» ብሎ መጠየቅ ከለከልሁ። ስንት ጊዜ? መልኩ ምን? ማነው ያየው? እግሩስ? በዎርዱ መጸዳጃ በር ላይ «ፖፖ ሲስተር ሳታየው አይታጠብም» ብዬ በትልቁ ጽፌ ለጠፍሁ። ልጆቹ ከኋላዬ «እትየ ፖፖ» እያሉ ይስቁብኝ ጀመር። ይሳቁ። ቅዳሜም እሑድም ይሁን፣ የሚደማ ሰው ካለ ዶክተር ናሆምና እኔ ተደዋውለን እንመጣ ነበር፤ ማንም አላዘዘን። እሱ ለምን እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እኔ ለምን እንደምመጣ ግን አልነገርሁትም። በሥራ ዘመኔ መጨረሻ የደከመኝ ከሥራው ይልቅ ያ ዝምታ ይመስለኛል።

ጡረታ ልወጣ ሦስት ቀን ሲቀረኝ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አንዲት ሴት እናቷን ደግፋ ካሜራ ቤት በር ላይ ደረሰች። ዓይኗን ሳይ አወቅኋት። እንጉዳይ። እናቷ ወይዘሮ ደብሬ ለጉልበታቸው ያንኑ የሱቅ ክኒን ሲውጡ ከርመዋል። አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ወይዘሮ ደብሬ ድነው ዛሬ አገራቸው ናቸው። እኔ እንደ ድራማ ልብ ማንጠልጠል አልወድም፤ የምነግራችሁም ስለሌላ ነገር ነው።

«ሲስተር» አለችኝ፣ እንኳን ሰላምታ ትንፋሽም ሳትወስድ። «ወጣባት። ትናንት ሁለት ጊዜ፣ ዛሬ ማለዳ አንድ ጊዜ። ጥቁር ነው። አላጠብሁትም፤ ይኸው።» በፌስታል ደጋግማ አስራ የያዘችውን ዘረጋችልኝ።

ወጣባት አለች። ማንም አላስተማራትም፤ ብቻዋን፣ እዚያ ደጋ ላይ ሆና፣ ቃሏን ለውጣ መጣች። ፌስታሉን ተቀብዬ ፈትቼ አየሁ።

የወይዘሮ ደብሬ እግር እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ግሉኮስ ሰካን፣ እንጉዳይና አንድ የአክስቷ ልጅ ደም ሰጡ። ዶክተር ናሆም እግራቸውን ዳስሶ «እንጠብቅ» አለ። እንጉዳይን አልጋው ግርጌ አስቀመጥኋትና «የእናትሽን እግር ያዥ። ሲሞቅ ንገሪኝ» አልኋት። እኔም አጠገቧ ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። ወይዘሮ ደብሬ እንቅልፍ ይዟቸዋል።

«አባቴን የገደልሁት እኔ ነኝ፣ ሲስተር» አለች። ዓይኗን ከእግሩ ላይ አላነሣችም። «አራት ቀን ጠበል አቆየሁት። ቀድሜ ባመጣው ይተርፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠበል ረግጬ አላውቅም። እናቴ ስንት ጊዜ ለመነችኝ፤ እሷንም ከለከልኋት። ወንድሜም እስከ ዛሬ አያናግረኝም፤ አንቺ ነሽ ያስገደልሽው ይላል።»

ሦስት ቀን ነበር የቀረኝ። ልጆቹ ኬክ አዝዘዋል፤ የአበባውንም ነገር ሲንሾካሾኩ ሰምቻለሁ። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። አላህ ግን ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ።

«እንጉዳይ» አልኋት። «አባትሽ እዚህ ሲደርሱ ገና ጊዜ ነበራቸው። ዓርብ እግራቸው ሞቆ ነበር። ዶክተሩ ሊያያቸው ቆሞ እየጠበቀ ነበር። ዎርድ ሄደው ይዩልኝ ብሎ ላከኝ። አንቺ ወጣለት አልሽኝ፤ እኔ ዳነ ያልሽኝ መስሎኝ ቆሟል ብዬ ነገርሁት። ፖፖውን አልጠየቅሁሽም፤ እግራቸውን አልያዝሁም። ከበሩ ነው የተመለስሁት። የአራቱ ቀን ጠበል አይደለም። የእኔ አሥር እርምጃ ነው።»

አላለቀሰችም። ቢያለቅሱ ይሻላል አንዳንዴ።

«ምነው ያኔ ሳይነግሩኝ?»

«ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«አንቺን። ሥራዬን። ሁሉንም።»

«እኔ'ኮ» አለች፣ «ያን ፖፖ እያጠብሁ እልል ብያለሁ። መጸዳጃው ውስጥ ብቻዬን ሆኜ፣ ቀስ ብዬ፣ እልል ብያለሁ።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ይቅር አላለችኝም፤ እኔም ይቅር በይኝ ለማለት አፍ አልነበረኝም። እጇ ግን ከእናቷ እግር ላይ አልተነሣም።

ቀና ስል ዶክተር ናሆም በሩ ላይ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደ ቆመ አላውቅም፤ ከፊቱ ግን ሁሉን እንደ ሰማ አወቅሁ። ብዙ ዓመት ብቻውን የተሸከመው ነገር ነው። አንድ ነገር ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን «እግራቸውስ?» ብቻ አለ።

እኔ መለስ ብዬ እንጉዳይን አየኋት። ፊቷን ከግድግዳው ሳትመልስ፣ ቀስ ብላ፣

«ሞቀላት» አለች።

ተነሥቼ ብርድ ልብሱን ገለጥሁ፤ እጄን ከእጇ አጠገብ አድርጌ ጣታቸውን አንድ በአንድ ጨበጥሁ። ሞቆ ነበር። ፀሐይዋም ገና ወደ መስኮቷ አልተመለሰችም። አልጋውን ሦስታችን ገፋነውና ገባን።